ፌሊክስ ቲሄሪና፦ የሂውስተኑ ባለ ምግብ ቤትና አራት መቶው ቃላት (ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች)

ቤቱ በአንድ ቋንቋ፣ ትምህርት ቤቱ በሌላ ቋንቋ የሚያናግረውን ልጅ ያሳደገ ሰው የዚህን ነጋዴ ታሪክ ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ለሌሎቻችን ግን በየጊዜው የሚነሡትን ጥያቄዎች ሰብስበናል። ዓመታቱ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ፌሊክስ ቲሄሪና ማን ነበር?

ከ1905 እስከ 1965 የኖረ፣ አብዛኛውን ዕድሜውን በቴክሳስ ግዛት በሂውስተን ከተማ ያሳለፈ የምግብ ቤት ነጋዴ ነው። በልጅነቱ ጥጥ ለቅሟል፣ በጉርምስናው የሰው ጠረጴዛ ጠርጓል፤ የራሱን ቤት ከፍቶ ከስሯል፣ እንደገናም ተነሥቶ በከተማው ስሙ የታወቀ የሜክሲኮ ምግብ ቤት ባለቤት ሆኗል። ከ1956 እስከ 1960 ሉላክ የተባለውን የላቲኖች ማኅበር በብሔራዊ ፕሬዚዳንትነት መርቷል።

ሀብታም ነበር፤ ነገር ግን በሀብቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ማንም ባላስታወሰው ነበር። ስሙ የሚነሣው እንግሊዝኛ የማያውቁ የአምስት ዓመት ሕፃናት አንደኛ ክፍል ከመግባታቸው በፊት አራት መቶ የእንግሊዝኛ ቃላት ይዘው እንዲገቡ ከኪሱ አውጥቶ ባስጀመረው ትምህርት ነው።

«ቲጄሪና» ተብሎ ተጽፎ አይቻለሁ። ትክክሉ የቱ ነው?

እንግሊዝኛ ተናጋሪ እንደ «ጄ» የሚያነባት ፊደል በስፓኒሽ እንደ «ሄ» ናት የምትነበበው፤ ስለዚህ ቲሄሪና። ይልቅስ በኒው ሜክሲኮ የመሬት ጥያቄ አንሥቶ ከታገለው ከሬየስ ሎፔዝ ቲሄሪና ጋር እንዳታምታቱት። የዚያኛው ተከታዮች በ1967 መሣሪያ ታጥቀው የአንድን ወረዳ ፍርድ ቤት የወረሩ ናቸው። የእኛው ቲሄሪና እንኳን መሣሪያ ሊያነሣ፣ ሰላማዊ ሰልፍ ለመውጣትም ልቡ የሚፈቅድለት ሰው አልነበረም።

የት ተወለደ? ምንጮቹ ለምን ይለያያሉ?

እርሱ ራሱ «ሹገር ላንድ ተወልጄ» ይል ነበር። ሹገር ላንድ ስሟ እንደሚናገረው በስኳር ፋብሪካ ዙሪያ የተቆረቆረች፣ ከሂውስተን በስተደቡብ ምዕራብ ያለች የቴክሳስ ከተማ ናት። የሕይወት ታሪኩን ያጠኑ ሰዎች ግን የተወለደው ከድንበሩ ማዶ፣ በሜክሲኮዋ የኑዌቮ ሌዮን ግዛት፣ ሄኔራል ኤስኮቤዶ በምትባል ቦታ እንደሆነ አረጋግጠዋል። ቤተሰቡ ወደ ቴክሳስ የተሻገረው እርሱ ገና ልጅ ሳለ ነው።

ነገሩ ተራ የመዝገብ ስሕተት እንዳይመስላችሁ። በ1950ዎቹ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት የዜግነቱን ጉዳይ አንሥቶ መረመረው። ጊዜው ክፉ ነበር፤ በ1954 የአሜሪካ መንግሥት በሰፊ ዘመቻ ሜክሲኮዎችን እያፈሰ ከድንበር ማዶ ይጥል ነበር። ቲሄሪና ያን ጊዜ የሃምሳ ዓመት ጎልማሳ ሊሆን ምንም አልቀረውም፤ ትዳር መሥርቶ፣ ብዙ ሠራተኛ ቀጥሮ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካን የጦር ሠራዊት የደንብ ልብስ ለብሶ የነበረ ሰው ነው። ክሱ ፌዴራል ፍርድ ቤት ደረሰና በ1956 ተፈረደለት፤ አሜሪካዊ ነህ ተባለ። ሉላክ ፕሬዚዳንቱ አድርጎ የመረጠውም በዚያው ዓመት ነው። አባልነቱ ያን ጊዜ ለአሜሪካ ዜጎች ብቻ የነበረ ማኅበር መሆኑን እዚህ ላይ ልብ በሉ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ይህኛው እውነት የጠራው ቲሄሪና ካረፈ በኋላ ነው። አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ «ታዲያ ሲዋሽ ኖሯል ማለት ነው» ብሎ ይደመድማል። እኔን የሚታየኝ ከውሸቱ ይልቅ ፍርሃቱ ነው። የከተማው ታላላቅ ሰዎች ጠረጴዛው ላይ እየበሉ፣ አንዲት ወረቀት ከአልጋው አንሥታ ልታባርረው እንደምትችል እያወቀ የሚያድር ሰው ነበር። ካገሩ የወጣ አገሩ እስኪመለስ፣ ቢጭኑት አህያ ቢለጉሙት ፈረስ።

ወደ ምግብ ቤት ሥራ እንዴት ገባ?

በ1918 ገደማ፣ ዐሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላው፣ ወደ ሂውስተን መጣ። ሥራ ያገኘው «ኦሪጅናል ሜክሲካን ሬስቶራንት» በሚባል ቤት፣ ደንበኛ በልቶ ሲነሣ ሳህን የሚሰበስብና ጠረጴዛ የሚጠርግ ልጅ ሆኖ ነው። ስሙን አይታችሁ ባለቤቱ ሜክሲኳዊ እንዳይመስላችሁ፤ ጆርጅ ኮልድዌል የሚባል ነጭ አሜሪካዊ ነበር። ሜክሲኮዎች ያበስላሉ፣ ነጮች ይበላሉ፣ ገንዘቡ ወደ ነጭ ኪስ ይገባል። ልጁ ሥራውን የተማረው ከዚህ ቤት ነው። እንግሊዝኛውንም ቢሆን ያገኘው ከትምህርት ቤት አግዳሚ ወንበር ላይ አይደለም፤ ደንበኛ ሲያዝ እየሰማ ነው።

በ1929 «ሜክሲካን ኢን» የተባለ የራሱን ቤት ከፈተ። ዓመተ ምሕረቱን ስታዩ የሚመጣው ይገባችኋል፤ የአሜሪካ ኢኮኖሚ የተንኮታኮተው በዚያው ዓመት መጨረሻ ነው። ቤቱ ጥቂት ዓመታት ተንገዳግዶ ተዘጋ። በ1937 ግን ከባለቤቱ ከጄኒ ጋር ሆኖ በዌስትሃይመር ጎዳና ላይ «ፌሊክስ ሜክሲካን ሬስቶራንት»ን ከፈተ። ይኸኛው ሰመረለት። በ1948 እዚያው ጎዳና ላይ ወደ ሰፋ ቤት ተዛወረ፣ ቅርንጫፎችም ጨመረ።

ምን ነበር የሚሸጠው?

ዛሬ «ቴክስ ሜክስ» የሚባለውን የቴክሳስ ሜክሲኮዎች ምግብ። ከበቆሎ ሊጥ የሚጋገረው ስስ ቂጣ ቶርቲያ ተጠቅልሎና አይብ ተደርጎበት፣ በላዩ ላይ ወፍራም የበርበሬ ስልስ ይፈስበታል፤ ይህ ኢንቺላዳ ነው። በበቆሎ ልጣጭ ተጠቅልሎ በእንፋሎት የሚበስለው ታማሌ አለ። ከሁሉ ይልቅ የፌሊክስን ቤት ያስጠራው ግን ኬሶው ነው፤ ይህም በርበሬ ያለበት የቀለጠ አይብ ሲሆን ላዩ ላይ ብርቱካንማ ዘይት ያቆራል። ደንበኞቹ ይጣሉበት ነበር፤ ግማሹ «እንዴት ይበላል» ሲል ግማሹ ሌላ ኬሶ አይቀምስም።

በዚያ ዘመን በነበሩ የቴክሳስ ሜክሲኮ ምግብ ቤቶች ስፓጌቲም በዚያው የበርበሬ ስልስ ይቀርብ ነበር። ጣሊያን ይህን ቢያይ ያዝናል፤ ፓስታን በበርበሬ ለለመደ ሐበሻ ግን ምንም የሚያስደንቅ ነገር የለውም።

ደንበኞቹ በአብዛኛው እንግሊዝኛ ተናጋሪ ነጮች ነበሩ። ይህን አስታውሱልኝ፤ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

ሉላክ ምንድን ነው?

የላቲን አሜሪካ ዝርያ ያላቸው አሜሪካውያን ማኅበር ነው። በ1929 በቴክሳስ ኮርፐስ ክሪስቲ ከተማ ተመሠረተ፤ እስከ ዛሬም አለ። መሥራቾቹ ትናንሽ ነጋዴዎች፣ ጠበቆች፣ አስተማሪዎችና ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የተመለሱ ወታደሮች ነበሩ። እንግሊዝኛ መናገርን፣ ድምፅ መስጠትን፣ ልጅ ማስተማርን እንደ ዋና መንገድ ያዙ። ያን ጊዜ «ሂስፓኒክ» የሚለው ቃል እንደ ዛሬው የተለመደ አልነበረም፤ ራሳቸውን የሚጠሩት «ላቲን አሜሪካውያን» እያሉ ነው። «ሜክሲኳዊ» የሚለው ቃል በነጭ አፍ ውስጥ ስድብ ሆኖ ስለከረመ ይሸሹት ነበር።

የሂውስተኑ ቅርንጫፍ 60ኛው ምክር ቤት ይባላል። ቲሄሪና ዓመታት ያገለገለው እዚያ ነው። በከተማው የቤቶች ባለሥልጣን ቦርድ ውስጥም ተቀምጧል።

በዘመኑ ትምህርት ቤት ውስጥ የነበረው ችግር በትክክል ምን ነበር?

ነገሩን ለመረዳት አንድ የፍርድ ቤት ውሳኔ ማወቅ ያስፈልጋል። በ1948 የቴክሳስ ፌዴራል ፍርድ ቤት የሜክሲኮ ዝርያ ያላቸውን ልጆች ለይቶ ማስተማር ሕገ ወጥ ነው ብሎ ወሰነ። ነገር ግን አንዲት ቀዳዳ ተወ፦ እንግሊዝኛ የማያውቁ የአንደኛ ክፍል ልጆችን ለትምህርታቸው ሲባል በዚያው ግቢ ውስጥ በተለየ ክፍል ማስተማር ይቻላል አለ።

ትምህርት ቤቶቹ በዚያች ቀዳዳ መኪና አሳለፉባት። ልጁ ስሙ ጋርሲያ ወይም ሎፔዝ ከሆነ በቃ፣ ቋንቋ አያውቅም ተብሎ ወደ ተለየው ክፍል ይገባል። ኮርፐስ ክሪስቲ አጠገብ ባለችው በድሪስኮል ከተማ እንዲህ ያሉት ልጆች የመጀመሪያዎቹን ሁለት ክፍሎች ለመጨረስ ሦስት ዓመትና ከዚያም በላይ ይፈጅባቸው ነበር። አንዲት ልጅ ደግሞ ነበረች፤ ስፓኒሽ ጨርሶ አታውቅም፣ የምትናገረው እንግሊዝኛ ብቻ ነው። እርሷንም በስሟ ብቻ «የሜክሲኮዎች ክፍል» ውስጥ አስቀመጧት፤ ከዚያ የወጣችው ጠበቃ ገብቶላት ነው። ጉዳዩ ተከሶ በጥር 1957 ዳኛ ጄምስ ኦልሬድ አሠራሩ በዘር ላይ የተመሠረተ አድልዎ ነው ሲል ፈረደ።

እንግሊዝኛ የማያውቀው ልጅስ? በስድስት ዓመቱ አንደኛ ክፍል ይገባል፣ በሰባት ዓመቱ አንደኛ ክፍል ነው፣ በስምንት ዓመቱ ከእርሱ በቁመት ግማሽ ከሚሆኑ ልጆች ጋር አሁንም አንደኛ ክፍል ነው። ከዚያ ጥጥ መልቀሚያው ወቅት ይመጣል፣ ይሄዳል፣ አይመለስም።

ታዲያ «የ400ዎቹ ትንሽ ትምህርት ቤት» ምን ነበር?

የቲሄሪና ሐሳብ ቀላል ነው፦ ቋንቋ ሰበብ ከሆነ ሰበቡን እንንጠቃቸው። ሕፃናቱ አንደኛ ክፍል ከመግባታቸው በፊት ባለው ክረምት ለጥቂት ሳምንታት ይሰብሰቡና፣ አስተማሪው የሚለውን ለመረዳትና የሚፈልጉትን ለመናገር የሚበቃ አራት መቶ የእንግሊዝኛ ቃል ይማሩ። የስሙ አመጣጥም ከዚህ ነው። ቃላቱን መርጣ ያዘጋጀችው ኤሊዛቤት በረስ የምትባል የቤይታውን ከተማ መምህርት ናት።

ትምህርቱን መጀመሪያ ያስተማረችው ግን ባለ ዲፕሎማ አልነበረችም። ጋናዶ በምትባል የገጠር ከተማ የምትኖር ኢዛቤል ቬርቨር የተባለች የዐሥራ ሰባት ዓመት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ናት። ስለ ቲሄሪና ሐሳብ አነበበች፤ ራሷ አንድም የእንግሊዝኛ ቃል ሳታውቅ ትምህርት ቤት የገባችበትን ቀን አልረሳችም ነበርና «እኔ ላስተምር» ብላ ጻፈችለት። ቲሄሪናም በሳምንት 25 ዶላር ሊከፍላት ተስማማ። በ1957 ክረምት ጀመረች። በመጀመሪያው ቀን የመጡላት ሦስት ሕፃናት ናቸው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ከተማው ውስጥ ሰው ጠፍቶ አይደለም ሦስት የሆኑት። እናቶቹ ጠርጥረው ነው። በዚያ አገር «ለልጆቻችሁ የተለየ ትምህርት» የሚለው ቃል ደግ ነገር ይዞ መጥቶ አያውቅም። ያሳመነቻቸው በቋንቋቸው የምታናግራቸው፣ የሰፈራቸው ልጅ መሆኗ ይመስለኛል። ክረምቱ ሲያልቅ ሕፃናቱ 45 ደርሰው ነበር።

ጋናዶ የት ናት? የአካባቢው ነገር ከታሪኩ ጋር ምን ያገናኘዋል?

ጋናዶ በስፓኒሽ የቀንድ ከብት ማለት ነው። ከሂውስተን ወደ ደቡብ ምዕራብ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ በጃክሰን ካውንቲ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። የካውንቲው ዋና ከተማ ኤድና እዚያው ጎረቤት ናት። ኤድና ደግሞ በአሜሪካ የሕግ ታሪክ ውስጥ ስሟ የተጻፈ ከተማ ናት።

በ1954 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከዚሁ ካውንቲ በመጣ የወንጀል ክስ ላይ ውሳኔ ሰጠ። የተከሳሹ ጠበቆች ያሉት፣ በዚህ ካውንቲ ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ የሜክሲኮ ስም ያለው አንድም ሰው ከነዋሪው ተመርጦ የሚሰየመው የፍርድ ሸንጎ (ጁሪ) አባል ሆኖ አያውቅም ነው። ፍርድ ቤቱ ተቀበላቸው። በውሳኔው ውስጥ ዳኞቹ የከተማዋን መልክ ዘርዝረዋል። አንድ ምግብ ቤት «ሜክሲኮዎችን አናስተናግድም» የሚል ማስታወቂያ ሰቅሏል። በፍርድ ቤቱ ግቢ የወንዶች መጸዳጃ ቤት ሁለት ነው፦ አንዱ ምንም ጽሑፍ የለበትም፤ በሌላው ላይ ደግሞ «ጥቁር ወንዶች» ከሚለው ጋር በስፓኒሽ «ወንዶች እዚህ» የሚል ተጽፏል። ፍትሕ በሚጠየቅበት ግቢ ውስጥ!

የኢዛቤል ሦስት ሕፃናት እንግሊዝኛ መማር የጀመሩት ከዚህ ውሳኔ ሦስት ዓመት በኋላ፣ በዚሁ ካውንቲ ነው።

ወጪውን ማን ከፈለ? መንግሥትስ እንዴት ገባበት?

መጀመሪያ ቲሄሪና ከኪሱ፤ ቀጥሎም በሉላክ በኩል የሚሰበሰብ ገንዘብ። በ1958 ትምህርቱ ወደ ሌሎች የቴክሳስ ከተሞች ተስፋፋ። ነጋዴ ነውና ሒሳቡ ቶሎ ገባው፦ የቴክሳስን ስፓኒሽ ተናጋሪ ሕፃናት በሙሉ በምግብ ቤት ትርፍ ማስተማር አይቻልም። ስለዚህ ወደ ኦስቲን፣ ወደ ግዛቱ ዋና ከተማ መመላለስ ጀመረ።

ክርክሩን ያቀረበበት መንገድ የነጋዴ ነው። ስለ ፍትሕና ስለ እኩልነት ብዙ አልተናገረም። አንድ ልጅ አንደኛ ክፍልን በደገመ ቁጥር ግዛቱ ለአንድ ዓመት ትምህርት ሁለቴ ይከፍላል፤ ለአንድ ክረምት ብትከፍሉ ይሻላችኋል የሚል ነው። እንደዚያ ያሉት የሕግ አውጪዎች ልብ በሌላ ነገር አይከፈትም ነበር። በ1959 የቴክሳስ ምክር ቤት እንግሊዝኛ ለማይናገሩ ሕፃናት የቅድመ አንደኛ ክፍል ትምህርት የሚያቋቁም ሕግ አወጣ፤ ገዥው ፕራይስ ዳንኤል ፈረመበት። ከ1960 ክረምት ጀምሮ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ውስጥ በመንግሥት በጀት ይሰጥ ጀመር፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሕፃናትም ገቡበት። ሕጉ ግን የትምህርት አስተዳደሮቹን አያስገድድም ነበር፤ የፈለገ ይከፍታል፣ ያልፈለገ ይተዋል።

ሄድ ስታርት የተወለደው ከዚህ ነው ይባላል። እውነት ነው?

ከፊሉ። ሄድ ስታርት የድሃ ቤተሰብ ሕፃናትን ለትምህርት የሚያዘጋጀው የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ፕሮግራም ነው። በ1965 በፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ዘመን ተጀመረ፤ አጀማመሩም ልክ እንደ ቴክሳሱ በክረምት፣ ለስምንት ሳምንት ነበር። ጆንሰን የቴክሳስ ሰው ነው፤ በወጣትነቱ ኮቱላ በምትባል ከተማ የሜክሲኮ ተወላጅ ልጆችን ለአንድ ዓመት ያህል አስተምሯል። የቲሄሪናን ትምህርት ቤት እንደ አንድ አርአያ የሚጠቅሱ ብዙ ናቸው፤ መጥቀሳቸውም ተገቢ ነው። ግን ሄድ ስታርት የሕፃናት ሐኪሞችና የሥነ ልቦና ሊቃውንት ያማከሩበት፣ ክትባትንና ምግብን ሁሉ ያካተተ ሰፊ ሐሳብ ነው። አባቱ ቲሄሪና ነው ማለት ማጋነን ነው፤ ከአጎቶቹ አንዱ ነው ቢባል አልከራከርም።

የሚተችበት ነገር የለም?

አለ፤ ትንሽም አይደለም።

አንደኛው በወቅቱ ከገዛ ወገኖቹ የመጣ ነው። የድሪስኮሏን ልጅ አስታውሱ፤ እንግሊዝኛ ማወቋ አላዳናትም። ታዲያ ችግሩ ቋንቋ ነው ወይስ ዘር? ጠበቆቹ እነ ጋስ ጋርሲያና ጄምስ ደ አንዳ መልሱን ያገኙት በፍርድ ቤት ነበር። ቲሄሪና ክስና ጩኸት አይወድም፤ «በወዳጅነት ይፈታል» ባይ ነው። በግንቦት 1957 ሴናተር ሄንሪ ቢ ጎንዛሌዝ የዘር መለያየትን ለማጽናት የቀረቡ ረቂቅ ሕጎችን ለማሰናከል በቴክሳስ ሴኔት ሃያ ሁለት ሰዓት ቆሞ ሲናገር፣ የእኛ ሰው ስለ አራት መቶ ቃላት ገንዘብ እያሰባሰበ ነበር። እኔ ጎንዛሌዝ የመረጠው መንገድ ይበልጣል ባይ ነኝ። ቢሆንም በዚያው ዓመት መስከረም ላይ አንደኛ ክፍል ለሚገባ ልጅ የሴኔቱ ንግግር አይደርስለትም፤ ቃላቱ ይደርሱለታል።

ሁለተኛው ይከብዳል። የሂውስተን ምግብ ቤቶች በዚያ ዘመን ጥቁሮችን አያስተናግዱም ነበር፤ የቲሄሪና ቤትም ከዚህ አልወጣም። ደንበኞቹ ነጮች ናቸው ያልኩት ለዚህ ነው። ኤድና ላይ «ሜክሲኮዎችን አናስተናግድም» የሚለው ማስታወቂያ የሚያቃጥለው ሰው በራሱ በር ሌላውን ይመልስ ነበር። «የዘመኑ ሰው ነው» ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ ያው ዘመን ግን ጎንዛሌዝንም አፍርቷል።

ሦስተኛው በኋላ የመጣው ትውልድ ያነሣው ነው፦ ሕፃናቱ ይዘውት የመጡት ስፓኒሽስ የት ደረሰ? በትንሹ ትምህርት ቤት ስፓኒሽ ወደ እንግሊዝኛ መሸጋገሪያ እንጂ በራሱ የሚጠበቅ ሀብት አልነበረም። በሁለት ቋንቋ ማስተማር በፌዴራል ሕግ ድጋፍ ያገኘው በ1968፣ እርሱ ከሞተ በኋላ ነው።

ባለቤቱ ጄኒ ምን ድርሻ ነበራት?

ትልቅ። የተጋቡት በ1933 ሲሆን ምግብ ቤቱን አብረው ነው ያቆሙት። ፌሊክስ በስብሰባና በጉዞ አራት ዓመት ሲንከራተት ቤቱ ሳይዘጋ የቆየው በእርሷ ነው። መታሰቢያዎቹ ላይ ስሟ በአነስተኛ ፊደል ቢጻፍም።

በአሜሪካ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ይህ ታሪክ ምን ይነግራቸዋል?

ሂውስተን ውስጥ ዛሬ ብዙ ኢትዮጵያውያን አሉ፤ ምግብ ቤት የከፈቱም አሉ። ወጥ ቤቱ ጀርባ እየተቀመጠ የቤት ሥራውን የሚሠራው የባለቤቶቹ ልጅ ለማንም አዲስ ትዕይንት አይደለም። ልጃቸውን ሄድ ስታርት ያስገቡ ቤተሰቦችም ጥቂት አይደሉም።

የእኛ ቤት ጭንቀት ግን ብዙ ጊዜ የተገላቢጦሽ ነው። ልጁ እንግሊዝኛውን ከቴሌቪዥንና ከመዋዕለ ሕፃናት በሁለት ወር ይለቅመዋል፤ የሚጠፋው አማርኛው ነው። ቅዳሜና እሑድ በየቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ሀ ሁ የሚያስቆጥሩ በጎ ፈቃደኞች ስንቱን ወላጅ በልመና ነው የሚያመጡት። ሦስት ልጅ ይዛ የጀመረችውን ኢዛቤልን ሳስብ እነርሱ ናቸው ትዝ የሚሉኝ። አንድ ሰው አራት መቶ የአማርኛ ቃል መርጦ ቢያዘጋጅላቸው እላለሁ፤ የመጀመሪያዎቹን ዐሥር ቃላት መምረጥ ላይ ግን ሽማግሌዎቻችን እንደማይስማሙ አውቃለሁ።

ምግብ ቤቱ ዛሬ አለ?

የለም። የመጨረሻው ፌሊክስ በ2008 ተዘጋ። የዌስትሃይመሩ ሕንፃ ግን አልፈረሰም፤ ታድሶ ከ2012 ጀምሮ የጃፓን ምግብ የሚቀርብበት ቤት ሆኗል። በሂውስተን ምሥራቃዊ ክፍል በስሙ የሚጠራ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አለ፤ ራሱ ወግ ያለው ትምህርት ሳያገኝ ላደገ ሰው ከሐውልት የተሻለ ነው።

ቲሄሪና ያረፈው በሴፕቴምበር 4 ቀን 1965፣ በስድሳ ዓመቱ ነው። የመጀመሪያው የሄድ ስታርት ክረምት ገና ማለቁ ነበር፤ በመላው አሜሪካ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሕፃናት ስምንቱን ሳምንት ጨርሰው አንደኛ ክፍል ሊገቡ ሲሰናዱ።